ጌም ሲገዛ ስክሪኑ ይታያል ወይስ ባትሪው?
የጭሮና የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ሸማችና ቸርቻሪ ሒሳብ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ኑሮዋ ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ዕቃ ከሁለት አቅጣጫ ይገባላታል፤ በአንድ በኩል ከመርካቶ፣ በሌላው በኩል 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ድሬዳዋ። ከሞባይል ቀፎ፣ ከቻርጀርና ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ተደባልቀው ከሚመጡት ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አንዱ ደግሞ በእጅ ተይዞ የሚሠራው የጨዋታ መሣሪያ፣ በተለምዶ «ጌም» የሚባለው ነው።

ጌም ቀድሞ እንደ ልጅ መጫወቻ ብቻ ይታይ ስለነበር ስለ አገዛዙ ብዙ የሚያስብ አልነበረም። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በዚህ የተነሳ ቀድሞ ለልጅ በዓል የሚገዛ የነበረ ዕቃ አሁን ቤተሰብ ተመካክሮ የሚወስንበት፣ ቸርቻሪውም ካፒታሉን የሚያስርበት ሆኗል። የትኛው ሞዴል ይገዛ የሚለው ጥያቄ የምርጫ ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ጥያቄ ነው ማለት ነው።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

አንድ ጌም ጭሮ ላይ የሚሸጥበትን ዋጋ ለመረዳት መጀመሪያ የቀረጥና የታክሱን አደራረብ ማየት ያስፈልጋል። የጉምሩክ ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ፣ በጭነትና በኢንሹራንስ ድምር ላይ ነው። የቀረጡ ከፍተኛ መደብ 35 በመቶ ነው። በዚህ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ታክሱን ጨምሮ በሚገኘው ድምር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይታሰባል። ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ ከተጨማሪ እሴት ታክሱ በፊት ይገባል። እያንዳንዱ ክፍያ ቀድሞ በተከፈለው ላይ ስለሚቆለል የመቶኛዎቹ ድምር ከሚያሳየው በላይ ይሆናል።

ለምሳሌ ጭነትና ኢንሹራንስን ጨምሮ 35 ዶላር የሚያወጣ ጌም በከፍተኛው መደብ ቀረጥ ቢከፈልበት 47 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲገባ 54 ዶላር ከ34 ሳንቲም፣ ሱር ታክሱ ሲጨመር ደግሞ 59 ዶላር ከ77 ሳንቲም ይደርሳል። ይኸውም ኤክሳይዝ፣ ቅድመ ግብርና ሌሎች አነስተኛ ክፍያዎች ሳይቆጠሩ ነው። በአጭሩ፣ ዕቃው ወደቡ ላይ 1 ብር የሚያወጣ ከሆነ መጋዘን ሲገባ 1 ብር ከ71 ሳንቲም ሆኗል።

ይህን በቀድሞው የ57 ብር ምንዛሪ ስናሰላው 3,407 ብር ይመጣል። ለስሌት እንዲያመች ዶላሩን በ150 ብር ብንወስደው ግን ያው ዕቃ 8,966 ብር ይሆናል። መሣሪያው አልተሻሻለም፤ የቻይና ፋብሪካም ዋጋ አልጨመረም። የተለወጠው የብሩ መግዣ አቅም ነው። በዚህ ላይ የአስመጪው፣ የጅምላ አከፋፋዩና የቸርቻሪው ትርፍ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ ጭሮ የሚያደርሰው የመኪና ኪራይ ሲጨመር ገዢው የሚጠየቀው ዋጋ ይገኛል።

ኮንትሮባንዱስ? የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ምሥራቁ ክፍል ከሐርትሼክ ዘመን ጀምሮ በኮንትሮባንድ ኤሌክትሮኒክስ ይታወቃል። የድሬዳዋው «ታይዋን» ገበያ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ዕቃ ጋር በተያያዘ ነው። ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ረክሶ መምጣቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት የሚከተለው መወረስና እስራት ነው። ትልቁ ነጋዴ ከአሥር ጭነት አንዱ ቢያዝበት ኪሳራውን በዘጠኙ ያካክስ ይሆናል። ሙሉ ካፒታሉን በአንድ ካርቶን ላይ ያዋለ የሂርና ወይም የበዴሳ ባለሱቅ ግን የሚያካክስበት ሌላ ካርቶን የለውም። ገዢውም ቢሆን ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሲበላሽበት ወዴት እንደሚመልሰው አያውቅም። ርካሽነቱ የዋስትናውን ዋጋ ቀንሶ የመጣ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የጌምቦይ ትምህርት

በእጅ የሚያዝ ጌም ሲመረጥ የመጀመሪያው ስህተት በስክሪን መማረክ ነው። የዚህ ንግድ ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ጌምቦይን ገበያ ላይ ያዋለው በሚያዝያ ወር እ.ኤ.አ. 1989 ነበር። ስክሪኑ ቀለም የሌለው፣ ከኋላው ብርሃን የማይበራለት፣ በጊዜው መለኪያም ቢሆን ደካማ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ89 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲሸጥ፣ በዚያው ዓመት የወጣው የአታሪ ሊንክስ ባለቀለም ስክሪን ይዞ 179 ዶላር ከ99 ሳንቲም ተጠየቀበት። ቀጥሎም ሴጋ ጌም ጊር የተባለውን፣ እሱም ባለቀለሙን፣ በ149 ዶላር ከ99 ሳንቲም አመጣ።

በስክሪን ቢሆን ኖሮ ያሸንፉ የነበሩት ሁለቱ ናቸው። ነገር ግን ጌም ጊር ስድስት የባትሪ ድንጋይ በልቶ የሚሠራው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ነበር። ጌምቦይ በአራት ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ፣ እንደ አጠቃቀሙም እስከ 30 ሰዓት ይሄዳል። ጌም ጊር በአማካይ 4 ሰዓት፣ ጌምቦይ 15 ሰዓት ሠራ ብንል፣ የመጀመሪያው በሰዓት አንድ ድንጋይ ተኩል ሲፈጅ ሁለተኛው ከአንድ ድንጋይ ሲሶም በታች ይበላል ማለት ነው። ወላጅ የሚከፍለው የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የድንጋዩንም ስለነበር ገበያው ፈረደ። ጌምቦይ ከቀለም ወንድሙ ጋር 118 ሚሊዮን 690 ሺህ ሲሸጥ፣ ጌም ጊር 11 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም።

የጌምቦይ ፈጣሪ ጉንፔ ዮኮይ የሚከተለው መርህ ቀላል ነበር። አዲስና ውድ ቴክኖሎጂ ከማሳደድ ይልቅ የተለመደውን፣ ዋጋው የወረደውንና ጠባዩ የታወቀውን ወስዶ በአዲስ መንገድ መጠቀም ነው። ይህ መርህ በጀቱ ውስን ለሆነ ሸማችም ይሠራል። ሂርና ወይም መቻራ ላይ የሚገዛ ሰው የሚያስፈልገው አዲሱ መሣሪያ ሳይሆን መለዋወጫው ቅርብ የሆነው፣ የሰፈር ጠጋኝ ከፍቶ የሚያውቀው ነው።

አራት ደረጃዎች፣ አራት ሒሳቦች

በአሁኑ ወቅት ለአነስተኛ በጀት የሚታሰቡት ጌሞች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ብሪክ ጌም ነው። ብዙዎች ከልጅነታቸው የሚያስታውሱት፣ ግራጫ ስክሪን ላይ ጡብ እየደረደሩ የሚጫወቱበት ነው። ዋናው ጨዋታው ሩሲያዊው አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው ቴትሪስ ነው። ሳጥኑ ላይ «9999 ጨዋታ» ተብሎ ቢጻፍም አብዛኛው ያው ጨዋታ በፍጥነትና በደረጃ እየተለያየ የሚመጣ ነው። ጥቅሙ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ብቻ መፈለጉና ሶኬት አለመጠየቁ ነው። የሚነበብ ጽሑፍ ስለሌለውም ልጁ አፋን ኦሮሞ ተናገረ አማርኛ ልዩነት የለውም። መብራት ላልደረሰበት ወይም ለሚቆራረጥበት ገጠር ቀበሌ የሚሻለው ይኸው ነው።

ሁለተኛው «ሱፕ 400» በሚል ስም የሚታወቀው የቻይና ጌም ነው። 3 ኢንች ባለቀለም ስክሪን ያለው ሲሆን፣ የሚያጫውተው እ.ኤ.አ. በ1983 ለወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም የተሠሩ የድሮ ጨዋታዎችን ነው። ከ400ው ውስጥ ስማቸው ተለውጦ የተደጋገሙ ይገኙበታል። ሆኖም አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። ብዙውን ጊዜ ባትሪው ወጥቶ የሚገባ፣ በኖኪያ ቀፎ የምናውቀው ቢኤል 5 ሲ ነው። ይህ ባትሪ ከጭሮ እስከ ገለምሶ በየሞባይል ጥገና ቤቱ ሊጠየቅ የሚችል ዕቃ ነው። ባትሪው ሲደክም መሣሪያው አይጣልም። በተጨማሪ በኬብል ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል።

ሦስተኛው ደረጃ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የተስፋፋው ባለ 3 ነጥብ 5 ኢንች ስክሪን የቻይና ጌም ነው። አር 36 ኤስ፣ ሚዮ ሚኒ ፕላስ እና የአንበርኒክ ምርቶች በዚህ ይመደባሉ። ከፋሚኮም እስከ መጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያሉ ጨዋታዎችን ያጫውታሉ፤ ጨዋታው የሚቀመጠውም በሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። በጥራትና በዋጋ ሚዛን ሲታይ ውስን በጀት ላለው ከተሜ የተሻለ ምርጫ የሚባለው ይኸ ደረጃ ነው። ችግሩም የሚበዛው ግን እዚሁ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አራተኛው የታወቁ ኩባንያዎች ምርት ነው። አዲሱን ለሚፈልግ ኒንቴንዶ ስዊች ላይት እ.ኤ.አ. መስከረም 2019 ሲወጣ 199 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። 200 ዶላር ብለን ከላይ በተጠቀሰው ስሌት ስናስገባው 51 ሺህ 232 ብር ይደርሳል። በዚህ አያበቃም። የኩባንያው አዳዲስ ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው 60 ዶላር አካባቢ የሚሸጡ ስለሆነ ሦስት ጨዋታ የገዛ ሰው ሌላ ስዊች ሊገዛ ምንም አይቀረውም። ያገለገለ ፒኤስፒ የሚመርጡም አሉ። ሶኒ ይህን መሣሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን ማምረት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጠንካራ ዕቃ መሆኑ ባይካድም ባትሪው አርጅቶ የሚያብጥበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ስለዚህ ፒኤስፒ የሚገዛ ሰው የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ባትሪው ማበጥ አለማበጡን ሳያይ ገንዘብ ማውጣት የለበትም።

በሰዓት ስንት ብር?

ደረጃዎቹን ለማነጻጸር የሚሻለው መለኪያ የመግዣ ዋጋው ሳይሆን በአንድ የጨዋታ ሰዓት የሚወጣው ብር ነው። ሁለተኛው ደረጃ ወደብ ላይ 10 ዶላር፣ ሦስተኛው 35 ዶላር ያወጣል ብለን እንነሳ። በተጠቀሰው ስሌት የመጀመሪያው 2,562 ብር፣ ሁለተኛው 8,966 ብር ይሆናል። የአከፋፋይ ትርፍና መጓጓዣ በሁለቱም ላይ ስለሚጨመር ለንጽጽሩ ብንተወው ውጤቱን አይለውጠውም።

ልጁ በቀን አንድ ሰዓት ይጫወታል እንበል። ርካሹ ጌም ስድስት ወር፣ ማለትም 180 ሰዓት አገልግሎ ቢሞት ሰዓቱ 14 ብር ከ20 ሳንቲም ይወጣል። ውዱ ጌም ሁለት ዓመት፣ ማለትም 730 ሰዓት ቢያገለግል ሰዓቱ 12 ብር ከ30 ሳንቲም ያህል ነው። ውድ የሚመስለው ረከሰ ማለት ነው። ነገር ግን ያው ውዱ ጌም ፎርጅድ ሆኖ በስድስት ወሩ ቢሞት ሰዓቱ ወደ 50 ብር ይጠጋል። ርካሹም ባትሪው እየተቀየረለት አንድ ዓመት ቢቆይ ወደ 7 ብር ይወርዳል። ስለዚህ ውሳኔው ያለው በሞዴሉ ስም ሳይሆን በዕድሜው ነው። ዕድሜውን የሚወስኑት ደግሞ ባትሪው፣ ሚሞሪ ካርዱና መጠገን መቻሉ ናቸው።

ባለመግዛትም የሚገኝ ሒሳብ አለ። በየከተማው የተስፋፋው የፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ የሚከፈልበት ነው። አንድ ጨዋታ 20 ብር ቢሆን 8,966 ብር 448 ጨዋታ ይገዛል፤ በቀን አንድ ቢጫወቱ ከአንድ ዓመት በላይ ማለት ነው። ልጃቸውን ጆተኒና ፕሌይስቴሽን ቤት ከሚያውል ቤት ቢጫወትልን የሚሉ ወላጆች ልዩነቱን የሚከፍሉት ለጌሙ ሳይሆን ለአእምሮ ዕረፍታቸው ነው። ይህም ተገቢ ወጪ ሊሆን ይችላል። ግን ምን እየተገዛ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ቤት ውስጥ ደህና ስማርት ስልክ ካለም ለእርሱ የሚገጠም የመጫወቻ እጀታ መግዛቱ ከሁሉም ሊረክስ ይችላል፤ ጉዳቱ ስልኩ ልጁ እጅ ሲሆን አባትየው መደወል አለመቻሉ ነው።

ጥሩው ከመጥፎው የማይለይበት ገበያ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ችግር አስረድቷል። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ሲያውቅ ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ይሆናል። በዚህ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው አይሸጥም፤ መጥፎ ያለው ግን ይሸጣል። እየዋለ ሲያድር ገበያው በመጥፎው ይሞላል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

የአር 36 ኤስ ገበያ የዚህ ትክክለኛ ምሳሌ ነው። መሣሪያው ስም ሲያወጣ ሌሎች ፋብሪካዎች መልኩን አስመስለው፣ ውስጡን በሌላ ሰሌዳና ስክሪን ሞልተው ያወጡት ጀመር። ሳጥኑም ስሙም ያው ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ነው፤ ለዋናው የተዘጋጀው ሶፍትዌር ፎርጅዱ ላይ ሲጫን ስክሪኑ ጠቁሮ ይቀራል። እዚህ ላይ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለው አባባል ይሠራል። ቸርቻሪው ራሱ ሳያውቅ ገዝቶ ሳያውቅ የሚሸጥበት ጊዜም ስላለ ሁሉንም በአጭበርባሪነት መውቀስ አይቻልም።

ሌላው የተደበቀ ጉድለት አብሮ የሚመጣው ሚሞሪ ካርድ ነው። ፋብሪካው ዋጋ ለመቀነስ ስም የሌለው ካርድ ስለሚከት መሣሪያው ደህና ሆኖ ሳለ ካርዱ ይሞታል፤ ባለቤቱም ጌሙ ተበላሸ ይላል። ገና ሲገዛ የካርዱን ይዘት ኮምፒዩተር ላይ ገልብጦ ወደ ታወቀ ካርድ ማዛወር መሣሪያውን ከመጣል ያድናል። ቻርጅ ላይም እንዲሁ ነው። አር 36 ኤስን በሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል ቻርጅ ለማድረግ ሲሞከር እምቢ ይላል። በአንዱ ጫፍ የተለመደው ሰፊው ዩኤስቢ ያለበት ኬብል ሲሰካ ግን ይሠራል። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ዕቃ ሊመልስ ወደ ሱቅ ይመጣል።

በካርዱ ላይ ተጭነው የሚመጡት ጨዋታዎች በአብዛኛው ከባለመብቶቹ ፈቃድ ያልተገኘባቸው መሆናቸውም መታወቅ አለበት። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ጨዋታ እየገለበጠ መሸጥን እንደ ዋና ገቢ ያሰበ ነጋዴ ይህን ከሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

የ90 ሺህ ብር ምርጫ

የቸርቻሪው ሒሳብ ከሸማቹ ይለያል። 90 ሺህ ብር ገደማ ካፒታል ያለው የጭሮ ባለሱቅ፣ መጓጓዣና የችርቻሮ ግብር ሳይታሰብ፣ በዚያ ገንዘብ አሥር የሦስተኛ ደረጃ ጌም ወይም 35 የሁለተኛ ደረጃ ጌም ሊይዝ ይችላል። በመጀመሪያው ላይ 15 በመቶ ቢያተርፍ፣ አሥሩም ሲሸጡ 13,449 ብር ያገኛል። በሁለተኛው ላይ 20 በመቶ ቢያተርፍ፣ 35ቱም ሲሸጡ 17,934 ብር ይሆንለታል። በእርግጥ 35 ገዢ ማግኘት አሥር እንደማግኘት አይቀልም።

ሒሳቡ የሚገለበጠው ግን ዕቃ ተበላሽቶ ሲመለስ ነው። ከአሥሩ አንዱ ተመልሶ ገንዘቡ ቢከፈል ትርፉ ወደ 3,138 ብር ይወርዳል። ሁለት ከተመለሱ ትርፉ አልቆ 7,173 ብር ኪሳራ ይመጣል። በአንፃሩ ከ35ቱ ርካሽ ጌሞች ሦስቱ ቢመለሱ እንኳ 8,711 ብር ትርፍ ይቀራል። አነስተኛ ካፒታል ያለው ነጋዴ ውዱን ዕቃ የሚይዘው እያንዳንዱን ከአከፋፋዩ ሱቅ ሳይወጣ አብርቶ ለመፈተሽና ብልሽት ካለ ለመመለስ አስቀድሞ ከተስማማ ብቻ መሆን አለበት። ያ ካልሆነ ሁለት ወይም ሦስት ውድ ጌም ለናሙና ይዞ፣ የቀረውን በርካሹ መሙላቱ የተሻለ ነው።

ገንዘቡ መቼ ይመጣል?

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ሕዝብ 1 ሚሊዮን 870 ሺህ ያህል የነበረ ሲሆን ከዚህ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የገጠር ነዋሪ ነበር። ስለዚህ የጭሮ ሱቅ ገዢ ጭሮ የሚኖረው ብቻ አይደለም። የከተማው ገበያ የገበሬውን ኪስ ተከትሎ ይሞላል፣ ይጎድላል።

ኪሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የጫት ገንዘብ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ጥሬ ገንዘብ ነው። በጫቷ በምትታወቀው ገለምሶና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ትናንሽ ግዢዎች ዓመቱን ሙሉ የሚታዩት ለዚህ ነው። የቡና ገንዘብ ግን ወቅት ይጠብቃል፤ ምርቱ ከጥቅምት ጀምሮ ተለቅሞ ሲሸጥ በአንድ ጊዜ ይገባል። ውድ ዕቃ የሚንቀሳቀሰውም ያኔ ነው። በዚህ ላይ ዒድ፣ የክረምቱ የትምህርት ዕረፍት እንዲሁም ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ የሚያልፈው ተጓዥ ይጨመራል። የቁልቢ ተጓዥ ጭሮን የሚረግጠው ለምሳና ለነዳጅ ስለሆነ ብዙ አይከራከርም፤ ግን ዕቃ ለመመለስም አይመጣም። ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ከእነዚህ ወቅቶች አንድ ወር ቀድሞ ካልገዛ የሚያመጣው ገበያው ካለፈ በኋላ ይሆናል።

የአየር ጠባዩም መረሳት የለበትም። መንገዱ ከአሰቦትና ከሜኢሶ ቆላ ተነስቶ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። በቻርጅ የሚሠሩ የሊቲየም ባትሪዎች ሙቀት ያስረጃቸዋል። ሜኢሶ ላይ በቆርቆሮ ሱቅ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጌም ሳይሸጥ ዕድሜው ይቀንሳል። ለቆላው ከተማ ቸርቻሪ ባትሪው የሚቀየረው ወይም በድንጋይ የሚሠራው የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከመክፈል በፊት

ከሱቅ ሳይወጡ የሚደረግ የ20 ደቂቃ ፍተሻ አብዛኛውን ኪሳራ ያስቀራል። መሣሪያው ይብራ፤ ነጭና ጥቁር ምስል ወጥቶበት ስክሪኑ ላይ የሞተ ነጥብ መኖር አለመኖሩ ይታይ። እያንዳንዱ ቁልፍና የመዞሪያ ዘንግ በጨዋታ ውስጥ ይሞከር። ድምፁ ከፍ ዝቅ ይደረግ፤ የጆሮ ማዳመጫ ይሰካ። ቻርጀር ላይ ሆኖ ባትሪው መሙላት መጀመሩ ይረጋገጥ። ባትሪው ወጥቶ የሚገባ ከሆነ ወጥቶ ይታይ፤ ያበጠ ከሆነ አይገዛም። ጨዋታው ተጠፍቶ ሲበራ ካቆመበት መቀጠል አለመቀጠሉም ይታይ።

ከሁሉም በላይ ደረሰኝ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶ ነበር። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን መግዛቱን በምን ያስረዳል? ገንዘቡ በቴሌብር ከተከፈለ ቢያንስ የክፍያው መልእክት ስልኩ ላይ ይቀራል። የአንድ ሳምንት የመለወጥ ቃል በደረሰኙ ጀርባ ማስጻፍም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ ከአከርሎፍ ትምህርት አንጻር ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ነግሯል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። መብራት ለሚቆራረጥበት ቤትና ለትንሽ ልጅ ብሪክ ጌም ወይም ባትሪው የሚቀየረው ሱፕ ይበቃል። ጭሮ ከተማ ውስጥ ለሚኖር፣ በአቅራቢያው ኮምፒዩተርና ጠጋኝ ላለው ወጣት፣ ተፈትሾ በደረሰኝ የተገዛ የሦስተኛ ደረጃ ጌም ገንዘቡን ያወጣል። መፈተሽም ደረሰኝ ማግኘትም ካልተቻለ ግን በውዱ ላይ ከመወራረድ በርካሹ መሳሳት ይሻላል፤ ልዩነቱ 6,404 ብር ነው። ስዊችን በተመለከተ፣ የጨዋታዎቹን ዋጋ ከመሣሪያው ጋር ደምሮ መክፈል የማይችል ሰው መሣሪያውን ብቻውን መግዛት የለበትም። «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ይባላል፤ የጌም ገበያም ከዚህ ውጭ አይደለም።